ተማሪው የመለሰው የትኛውን ጥያቄ ነው?

(ስለ ሎጂክ፣ ስለ ቃል ትርጉምና የሰውን ሐሳብ ስለ መረዳት)

ሎጂክ በየትምህርት ቤቱ ሲሰጥ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው እንደ ሒሳብ ነው። ሁለት መነሻ ሐሳቦች ይጻፋሉ፤ ከሥራቸው ይሰመራል፤ መደምደሚያው ይወጣል። ሰው ሁሉ ሟች ነው፤ ሶቅራጥስ ሰው ነው፤ ስለዚህ ሶቅራጥስ ሟች ነው። ይህን ምሳሌ ያልሰማ ሠልጣኝ ከመካከላችን የሚገኝ አይመስለንም። ነገሩ በዚህ መልክ ሲቀርብ ያለቀለት ይመስላል። መደምደሚያውን ያወጣ ያስባል፣ ያላወጣ አያስብም ወደሚል ፍርድም ሳይታወቀን ያደርሰናል።

በዚህ ጽሑፍ ልናሳይ የምንወደው ግን ከዚህ ፍርድ በፊት መቅደም ያለበት አንድ ሥራ መኖሩን ነው። ይኸውም የተጠየቀው ሰው ጥያቄውን ምን ብሎ እንደ ተረዳው ማወቅ ነው። ጉዳዩ የፈላስፎች ብቻ ክርክር ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ አንድ የሰባት ዓመት ልጅ በአንደኛ ክፍል «ደካማ» የሚል ስም ወጥቶለት ያንን ስም እስከ ስምንተኛ ክፍል ተሸክሞ የሚሄደው ብዙ ጊዜ በዚሁ ጉዳይ ምክንያት ነው።

የነጩ ድብ ጥያቄ

አሌክሳንደር ሉሪያ የተባለው የሶቪየት የሥነ ልቡና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1931 እና በ1932 ከባልደረቦቹ ጋር ወደ መካከለኛው እስያ፣ ወደ ኡዝቤኪስታንና ወደ ኪርጊዝያ ተጓዘ። ጊዜው በዚያ አገር የኅብረት እርሻ የሚቋቋምበት፣ ማይምነትን የማጥፋት ዘመቻም የሚካሄድበት ነበር። ሉሪያ ሊያጠና የፈለገው ፊደል ያልቆጠረው ገበሬና ጥቂትም ቢሆን የተማረው ጎረቤቱ አስተሳሰባቸው ይለያይ እንደ ሆነ ነው። ለዚህም ሰዎቹን በሻይ ቤት እያጫወተ ልዩ ልዩ ጥያቄዎች አቀረበላቸው። የጥናቱ ውጤት በመጽሐፍ የወጣው ግን ከአርባ ዓመት በላይ ቆይቶ በ1974 ነው።

ከጥያቄዎቹ ሁሉ የታወቀው የነጩ ድብ ጥያቄ ነው። በሰሜን ጫፍ በረዶ ባለበት አገር ድብ ሁሉ ነጭ ነው፤ ኖቫያ ዘምልያ በሰሜን ጫፍ ይገኛል፤ ሁልጊዜም በረዶ አለበት። ታዲያ በዚያ ያሉ ድቦች ቀለማቸው ምን ዓይነት ነው? ከእኛ ማንኛችንም ብንጠየቅ «ነጭ» ብለን እናልፋለን። ያልተማሩት ገበሬዎች ግን አብዛኞቹ እንዲህ አላሉም። አንዱ እርሱ ያየው ድብ ጥቁር መሆኑን፣ ሌላ ዓይነት አለማየቱን፣ እያንዳንዱም አገር የየራሱ አውሬ እንዳለው ተናገረ። ነገሩ ሲደጋገምበት ደግሞ ስድሳ ወይም ሰማንያ ዓመት የሞላው፣ ነጭ ድብ በዓይኑ ያየ ሽማግሌ ቢነግረው ሊያምን እንደሚችል፣ እርሱ ግን ስላላየ ምንም ሊል እንደማይችል አስረዳ።

እስቲ ይህን መልስ ረጋ ብለን እንየው። ሰውዬው የተፈለገውን መደምደሚያ አላወጣም፤ እውነት ነው። ግን ያለውን ነገር በሎጂክ መልክ ብንጽፈው ምን ይወጣዋል? ያላየሁትን፣ ያየ ሰውም ያልነገረኝን ነገር አልናገርም፤ የዚያን አገር ድብ አላየሁም፣ ያየም አልነገረኝም፤ ስለዚህ አልናገርም። ሁለት መነሻ፣ አንድ መደምደሚያ! በመማሪያ መጽሐፍ ላይ ሊታተም የሚችል ሙሉ ሙግት ነው። የማያስብ ሰው እንዲህ አይመልስም።

ታዲያ ልዩነቱ የቱ ላይ ነው? ጠያቂው ያቀረበው ጨዋታ ነው። «የነገርኩህን ያለ ማስረጃ ተቀበል፤ ከዚያም ምን እንደሚከተል ንገረኝ» ማለቱ ነው። ገበሬው የሰማው ግን ጨዋታ ሳይሆን የምስክርነት ጥያቄ ነው። በምስክርነት ጊዜ ደግሞ ያላዩትን «እንዲህ ነው» ማለት በየትም አገር ነውር ነው። በእኛም አገር አንድ ሰው ሽማግሌ ፊት ወይም ዳኛ ፊት ቀርቦ በቦታው ሳይኖር የድቡን ቀለም ቢመሰክር ምን ይባል ነበር? ጨዋነቱ ነው ዝም ያሰኘው።

ሉሪያ ሌላም ጥያቄ ነበረው። ጀርመን አገር ግመል የለም፤ እገሌ የሚባል ከተማ በጀርመን ይገኛል፤ በከተማው ግመል አለ ወይስ የለም? ከመላሾቹ መካከል ከተማው ትልቅ ከሆነ ግመል መኖሩ አይቀርም ያሉ ነበሩ። የለም ያሉትም ቢሆኑ ምናልባት ቦታው ለግመል የሚበቃ አይሆንም የሚል ምክንያት ጨመሩበት። መልሱ ትክክል ሆኖ መንገዱ ሌላ ሲሆን ማለት ነው። መምህራን ይህን ልብ ሊሉት ይገባል። «የለም» ያለው ልጅ ሁሉ እኛ ያሰብነውን መንገድ ተከትሎ ነው ማለት አይደለም።

መዶሻ፣ መጋዝ፣ መጥረቢያና ግንድ አሳይቶ የማይመሳሰለውን አውጡ ሲላቸውም ገበሬዎቹ ግንዱን ለማውጣት እንቢ አሉ። ግንድ ከሌለ መጋዝና መጥረቢያ ለምን ይጠቅማሉ?

ሉሪያ ከዚህ ሁሉ የደረሰበት ሐሳብ ያልተማረ ሰው አስተሳሰብ ከዕለት ተግባሩና ከዓይኑ የማይርቅ መሆኑን፣ ትምህርትና አዲስ የኑሮ ዘይቤ ግን ይህን እንደሚለውጡት ነው። አንድ ወይም ሁለት ዓመት የተማሩት ወጣቶች ጥያቄዎቹን ያለ ብዙ ችግር መመለሳቸውን መዝግቧል። እኛ የሰበሰበውን መረጃ እናደንቃለን፤ የሰጠው ትርጓሜ ግን ከመረጃው አልፎ የሄደ ይመስለናል። ሰዎቹ ያላቸው ችሎታና ሰዎቹ ጥያቄውን የተረዱበት መንገድ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸውና።

ለዚህ ማስረጃ የሚሆን ከላይቤሪያ የተገኘ አንድ ነገር አለ። በ1960ዎቹ የአሜሪካ ተመራማሪዎች በክፔሌ ሕዝብ ዘንድ ተመሳሳይ ጥናት ያካሂዱ ነበር። ሃያ ያህል ዕቃዎች ለገበሬዎቹ ቀርበው በየወገናቸው እንዲለዩ ተጠየቁ። ገበሬዎቹ ቢላውን ከብርቱካን ጋር አስቀመጡት፤ ቢላው ብርቱካኑን ይቆርጠዋልና። አዋቂ ሰው እንዲህ ያደርጋል አሉ። ተመራማሪዎቹ ቢቸግራቸው ጊዜ፣ እሺ ሞኝ ሰውስ እንዴት ይለየው ነበር? ብለው ጠየቁ። ወዲያውኑ ምግቡን ከምግብ፣ መሣሪያውን ከመሣሪያ ጋር አድርገው ደረደሩላቸው። ተመራማሪዎቹ ሲጠብቁት የነበረው ይኸው ነበር! ይህን ያስታወቀው ጆሴፍ ግሊክ የተባለው ተመራማሪ ነው። ችሎታው ከመጀመሪያውም ነበረ፤ የጎደለው የሚፈለገው ምን እንደ ሆነ ማወቅ ብቻ ነበር።

የጎተራው መውደቅ

ሰውን «አያስብም» የማለት ታሪክ ግን ከሉሪያ ይቀድማል። ሉሲየን ሌቪ ብሩል የተባለ ፈረንሳዊ ፈላስፋ እ.ኤ.አ. በ1910 ባሳተመው መጽሐፍ «ኋላ ቀር» ያላቸው ሕዝቦች ከሎጂክ በፊት የሆነ አስተሳሰብ አላቸው፤ እርስ በርሱ የሚቃረን ነገር አያስጨንቃቸውም ብሎ ጻፈ። ፈላስፋው ራሱ በሕይወቱ መጨረሻ ይህን ሐሳብ መተዉ ከሞተ ከአሥር ዓመት በኋላ በ1949 በታተሙት ማስታወሻዎቹ ታውቋል። የተወው ሐሳብ ግን ለብዙ ዘመን በየሰዉ አፍ ቀረ።

በጎረቤታችን በደቡብ ሱዳን ከሚኖሩት ከአዛንዴ ሕዝብ ጋር የተቀመጠው እንግሊዛዊው ኢቫንስ ፕሪቻርድ በ1937 ባወጣው መጽሐፍ የሚከተለውን ያስረዳል። በእንጨት እግር ላይ የቆመ ጎተራ አንዳንዴ ይወድቃል። ሰዎች ከፀሐይ ለመጠለል ከሥሩ ተቀምጠው ሳሉ ቢወድቅባቸው አዛንዴዎች «ጥንቆላ ነው» ይላሉ። አንድ የውጭ ሰው ይህን ሲሰማ ምስጥ እንጨት እንደሚበላ የማያውቁ ይመስለዋል። እነርሱ ግን ምስጡን አሳምረው ያውቁታል፤ ጎተራውን የጣለው ምስጥ መሆኑንም አይክዱም። የሚጠይቁት ሌላ ነው። ጎተራው ለምን ወደቀ ሳይሆን፣ ለምን እነዚህ ሰዎች ከሥሩ በተቀመጡባት በዚያች ሰዓት ወደቀ ነው ጥያቄያቸው። ጥንቆላ የሚለውን መልስ መቀበል የለብንም፤ አንቀበልምም። ነገር ግን መልሱ ለመጀመሪያው ጥያቄ የተሰጠ አድርገን ብንወስደው ሰዎቹ ያላሉትን እንዳሉ አድርገን መተቸት ይሆናል።

ፈላስፎቹ ምን አሉ?

አሜሪካዊው ፈላስፋ ኳይን እ.ኤ.አ. በ1960 ባሳተመው መጽሐፍ አንድ ምሳሌ ፈጥሯል። የቋንቋ አጥኚ ጨርሶ ወደማያውቀው ሕዝብ ይሄዳል፤ መዝገበ ቃላት የለ፣ አስተርጓሚ የለ። ጥንቸል ስትሮጥ ያየ የአገሩ ሰው «ጋቫጋይ» አለ። አጥኚው «ጥንቸል» ብሎ ይጽፋል። ግን በምን ያውቃል? ሰውዬው የጥንቸሏን አካል አንዱን ክፍል፣ ወይም የጥንቸሏን የዚያችን ቅጽበት መልክ ማለቱ ሊሆን ይችላል። በጣት ማመልከት አይለየውም፤ ጥንቸሏን ያመለከተ ክፍሏንም አመልክቷልና። አጥኚው ሌላ ቃል፣ ሌላ ዐረፍተ ነገር እያከለ ግምቱን ያጠናክራል እንጂ፣ በኳይን አባባል፣ አንዱን ትርጉም ብቻ ለይቶ የሚያስቀር ማስረጃ አያገኝም።

ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመው ኳይን ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው። አንድ ተርጓሚ «የዚህ አገር ሰዎች አንዱን ነገር ነውም አይደለምም ብለው በአንድ ጊዜ ያምናሉ» የሚል ዜና ይዞ ቢመጣ፣ መጀመሪያ የምንጠረጥረው የሰዎቹን አእምሮ ሳይሆን የተርጓሚውን ሥራ መሆን አለበት ይላል። ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ጓደኛህን «ምሳ በላህ?» ብለህ ብትጠይቀው «በላሁም አልበላሁም» ይልሃል። አንድ የውጭ ሰው ቃል በቃል ቢጽፈው አማርኛ ተናጋሪ ሁሉ የሎጂክን የመጀመሪያ ሕግ አፈረሰ ማለት ነው! እኛ ግን ትንሽ ቀማምሶ እንደ ተነሣ ወዲያው ይገባናል፤ ከተረፈም እናቀርብለታለን።

ዶናልድ ዴቪድሰን የተባለው ፈላስፋ ደግሞ በ1973 ባወጣው ጽሑፍ ነገሩን የበለጠ አጠበቀው። ሰው የተናገረውን ለመረዳት የሚያምነውን ማወቅ አለብን፤ የሚያምነውን ለማወቅ ደግሞ የተናገረውን መረዳት አለብን። አልጄብራ የምታስተምሩ ታውቁታላችሁ፤ ሁለት ያልታወቁ፣ አንድ እኩልታ ነው። እኩልታውን ለመፍታት ከሁለቱ አንዱን መያዝ ግድ ይሆናል። ዴቪድሰን የሚይዘው እምነትን ነው። ተናጋሪው በብዙው ነገር ትክክል እንደ ሆነ፣ ሐሳቡም እርስ በርሱ እንደሚስማማ አድርገን እንነሣ፤ ከዚያም ቃሉ ምን ማለት እንደ ሆነ እንፈልግ ይላል። ይህ አነሣሥ በፈላስፎች ዘንድ የቅንነት ደንብ ልንለው በምንችል ስም ይጠራል፤ ስሙን በ1959 ያወጣለት ኒል ዊልሰን ነው።

ቅንነት ስለ ተባለ ግን ምጽዋት እንዳይመስለን። ዴቪድሰን አጥብቆ የሚናገረው ይህ የደግነት ጉዳይ አለመሆኑን ነው። አንድ ሰው በሁሉም ነገር ተሳስቷል ብለን ከተነሣን የቱ ነገር ላይ እንደ ተሳሳተ እንኳ መናገር አንችልም። «ስለ ላሞች የተሳሳተ ሐሳብ አለው» ለማለት መጀመሪያ የሚያወራው ስለ ላሞች መሆን አለበታ! ላም አራት እግር እንዳላት፣ እንደምትታለብ፣ ሣር እንደምትግጥ የማያውቅ ሰው ስለ ላም ተሳሳተ ከማለት ስለ ሌላ ነገር እያወራ ነው ማለት ይቀላል። ስሕተት የሚታየው ብዙ ትክክል ነገር ከበስተ ኋላው ሲኖር ነው።

ይህ ደንብ ወሰን አለው። የተሳሳተን ሁሉ ትክክል ማለት አይደለም፤ ሰባት ጊዜ ስምንት ሃምሳ አራት ነው ያለ ልጅ ተሳስቷል፣ ይታረማል። ሆን ተብሎ የሚደረግ ማታለልም አለ። በሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ በአማርኛው ንጉሡ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት መጠቀም ይችላሉ የሚል ሲሆን፣ በኢጣልያንኛው ግን ግዴታ አድርጎታል። የኢጣልያ መንግሥት በዚህ ተደግፎ ኢትዮጵያ በጥበቃዬ ሥር ናት ብሎ ለአውሮፓ መንግሥታት አስታወቀ። አፄ ምኒልክ ስሕተቱ የቃል ብቻ ከሆነ እንዲታረም ጠየቁ፤ ሳይታረም ሲቀር በ1885 ዓ.ም. ውሉን አፈረሱ፤ የቀረውን ዓድዋ ያውቀዋል። አካሄዳቸውን ልብ በሉ። መጀመሪያ አለመግባባት ነው ብለው ተነሡ፤ ማስረጃው ሌላ መሆኑን ሲያሳይ ደግሞ እምነታቸውን ለወጡ። የቅንነት ደንብ የሚለው ከዚህ የተለየ አይደለም።

ወደ ክፍላችን ስንመለስ

ዣን ፒያዤ ስለ ልጆች አስተሳሰብ ያደረገውን ምርምር በሥነ ልቡና ኮርስ ሁላችንም ተምረናል። ልጆች ሰባት ዓመት ግድም እስኪሞላቸው ድረስ ሙሉውን ከክፍሉ ጋር ማነጻጸር ይሳናቸዋል ይላል። ጄምስ ማክጋሪግል የተባለ ተመራማሪ በስኮትላንድ ይህን በአሻንጉሊት ላሞች ፈተነው፤ ማርጋሬት ዶናልድሰን በ1978 ባሳተመችው መጽሐፍ በሰፊው ገልጻዋለች። አራት ላሞች በጎናቸው እንዲተኙ ተደረገ፤ ሦስቱ ጥቁር፣ አንዷ ነጭ ናቸው። በአማካይ ስድስት ዓመት የሆናቸው ልጆች «የሚበዙት ጥቁሮቹ ላሞች ናቸው ወይስ ላሞቹ?» ተብለው ሲጠየቁ በትክክል የመለሱት ከመቶ 25 ብቻ ነበሩ። «የሚበዙት ጥቁሮቹ ላሞች ናቸው ወይስ የተኙት ላሞች?» በተባሉ ጊዜ ግን ከመቶ 48 ደረሱ። ላሞቹ ያው ናቸው፤ ቁጥሩም ያው ነው። የተጨመረው አንድ ቃል ነው።

ምን ሆኖ ነው? የመጀመሪያው ጥያቄ እኮ ለእኛም ለዐዋቂዎቹ ግራ ያጋባል። ከብት ጠባቂን መንገድ ላይ አቁመን «የሚበዙት ላሞችህ ናቸው ወይስ ጥቁሮቹ?» ብንለው «ምን ማለትህ ነው?» ይለን ነበር። ልጅ ግን መምህሩን «ምን ማለትህ ነው?» አይልም። የሚመስለውን ጥያቄ ለራሱ ያበጅና እርሱን ይመልሳል። ጥቁሩን ከነጩ ጋር አነጻጽሮ «ጥቁሮቹ» ይላል። ላበጀው ጥያቄ መልሱ ልክ ነው።

ከዚህ የሚብስም አለ። በፒያዤ ሙከራ በሁለት መስመር እኩል ቁጥር ያላቸው ጠጠሮች ይደረደራሉ፤ «እኩል ናቸው?» ተብሎ ይጠየቃል። ከዚያ መምህሩ አንዱን መስመር ዘርግቶ ያስረዝምና ያንኑ ጥያቄ ይደግማል። ልጁ አሁን «ይኼኛው በለጠ» ይላል። ሮዝና ብላንክ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1974 የመጀመሪያውን ጥያቄ ትተው ከተዘረጋ በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ ሲጠይቁ የስድስት ዓመት ልጆች ስሕተት ቀነሰ። ምክንያቱን ማንም መምህር ሊገምት ይችላል። በክፍል ውስጥ መምህር አንድን ጥያቄ ሁለት ጊዜ ከጠየቀ የመጀመሪያው መልስ ስሕተት ነበር ማለት ነው! «እርግጠኛ ነህ?» ስንል ስንት ልጅ ነው ትክክለኛ መልሱን ያጠፋው?

እንግሊዛዊው ፈላስፋ ግራይስ እ.ኤ.አ. በ1967 ባቀረበው፣ በ1975 በታተመው ንግግሩ ይህን በደንብ መልክ አስቀምጦታል። ሰዎች ሲነጋገሩ እርስ በርስ እንደሚተባበሩ አድርገው ይነሣሉ፤ ተናጋሪው የሚበቃውን ያህል፣ ከጉዳዩ ጋር የሚሄደውን፣ እውነት የሚለውን እንደሚናገር ይጠብቃሉ። ስለዚህ ካለው ብቻ ሳይሆን ካላለውም ትርጉም ያወጣሉ። «አንዳንድ ተማሪዎች አልፈዋል» ብንል የሚሰማን ሰው «ሁሉም አላለፉም» ብሎ ይረዳል፤ ሁሉም ቢያልፉ ኖሮ «ሁሉም» እንል ነበርና። የሎጂክ መጽሐፍ ግን «አንዳንድ» ሲል «ቢያንስ አንድ» ማለቱ ነው፤ «ሁሉም» መሆኑንም አይከለክልም። እንግዲህ በፈተና ላይ «አንዳንድ ላሞች እንስሳት ናቸው። እውነት ወይስ ሐሰት?» የሚል ብናወጣ ንቁው ልጅ «ሐሰት» ብሎ ቢጽፍ ምን እናድርገው? የአማርኛ ጆሮው ልክ ነው፤ የሎጂኩ ውጤት ግን ዜሮ። በዚህ ላይ በአገራችን በሰምና ወርቅ ያደገ ጆሮ አለ። ጥያቄው በጣም ሲቀልለት «ወርቁስ የት አለ?» ብሎ ሌላ ነገር ፍለጋ ይሄዳል።

እንግሊዝኛ የምታስተምሩ ሌላውን ታውቁታላችሁ። መምህሩ «ዲድንት ዩ ዱ ዩር ሆምወርክ?» ይላል። ልጁ «ዬስ» ይላል። «እሺ አምጣው!» ሲባል ደብተሩ ባዶ ነው። ሰነፍ ብቻ ሳይሆን ውሸታም ተባለ። ልጁ ግን ያሰበው በአማርኛ ነው። «የቤት ሥራህን አልሠራህም?» ሲባል ብዙዎቻችን «አዎ፣ አልሠራሁም» እንላለን፤ «አዎ» የጠያቂውን ሐሳብ ማጽናት ነው። በእንግሊዝኛ ግን ያልሠራ ሰው «ኖ» ማለት አለበት። ስንፍናው ይጠየቅበት፤ ውሸት ግን አልዋሸም። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ለዚያ ልጅ ትልቅ ነው።

አንዳንድ ሠልጣኝ «እንግዲያው ምን እናስተምር? ሁሉም በየራሱ መንገድ ልክ ከሆነ ሎጂክ ለምን ያስፈልጋል?» ሊል ይችላል። የለም፣ ያስፈልጋል። የኡዝቤኩ ገበሬ ያልተጫወተው ጨዋታ ከባድ ጥቅም ያለው ጨዋታ ነው። የጂኦሜትሪ ማስረጃ፣ የሕግ ክርክር፣ የሳይንስ መላ ምት ሁሉ «ይህ እውነት ነው እንበልና ምን ይከተላል?» በሚል የቆሙ ናቸው። ትምህርት ቤት ለልጁ የሚሰጠው አእምሮ ሳይሆን ይህ የአነጋገር ዘይቤ ነው፤ ሲልቪያ ስክሪብነር የተባለችው ተመራማሪም በ1970ዎቹ የጻፈችው ከዚህ ጋር የሚስማማ ነው። ዘይቤ ከሆነ ደግሞ በግልጽ ይነገራል፤ ልጁ በግምት እንዲደርስበት አይተውም።

መልካሙ ነገር ልጆቻችን ይህን ዘይቤ ከቤታቸው ይዘውት መምጣታቸው ነው። «ተረት ተረት» ሲባል «የመሠረት» ብሎ የሚቀበል ልጅ ጦጣ ዳኛ ሆና ብትፈርድ «ጦጣ ስትናገር አላየሁም» አይልም። ተቀብሎ ይከተላል፤ ተራኪው ቢሳሳት እንኳ «ቅድም ጅቡ ሞቷል ብለህ የለም እንዴ?» ብሎ ያርማል። ይህ ከተሰጠ መነሻ መደምደሚያ ማውጣት ካልሆነ ምንድን ነው? ዲያስና ሃሪስ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1988 ይህንኑ ፈትነዋል። ልጆች ከሚያውቁት እውነት ጋር የሚቃረን መነሻ፣ ለምሳሌ ድመት ሁሉ ይጮኻል እንደ ውሻ የሚል ዓይነት፣ እንዲሁ ሲቀርብላቸው ይሳሳታሉ፤ እንደ ምናብ ጨዋታ ሆኖ ሲቀርብላቸው ግን ከአራት እስከ ስድስት ዓመት ያሉት ልጆች እንኳ በትክክል የመመለሳቸው መጠን ከፍ አለ።

ስለዚህ በሚመጣው የማስተማር ልምምድ ጊዜ አንድ ነገር እንድትሞክሩ እንጋብዛለን። ከምታርሙት ደብተር ውስጥ ሦስት የተሳሳቱ መልሶች ምረጡ። ኤክስ ከማድረጋችሁ በፊት ከጎኑ «ይህ መልስ ትክክል የሚሆነው ጥያቄው ምን ቢሆን ነበር?» ብላችሁ ጻፉና የመሰላችሁን ሙሉ። ከዚያ ልጁን ጠርታችሁ፣ «እርግጠኛ ነህ?» ሳትሉ፣ ምን ብሎ እንዳሰበ እንዲተርክላችሁ አድርጉ። ግምታችሁና የልጁ ቃል የተለያዩበትን በዚሁ ሰሌዳ ላይ ብትለጥፉልን ለሚቀጥለው ጽሑፍ እንጠቀምበታለን።

ለመነሻ ያህል ይኸው። በዛፍ ላይ አምስት ወፎች ነበሩ፤ አንደኛዋ በወንጭፍ ተመትታ ወደቀች፤ በዛፉ ላይ ስንት ቀሩ? ልጁ «ዜሮ» ብሎ ጽፏል። ከአምስት ስንት ትሰጡታላችሁ?